ዝና የይለፍ ወረቀት ሲሆን

የጥንት አባቶቻችን «ደጅ መጥናት» የሚሉት ነገር ነበራቸው። ሹመት የሚፈልግ፣ ርስቱን የተነጠቀ፣ በደል የደረሰበት ሁሉ ከጌታው ደጅ ሄዶ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውል ነበረ። በደጁም ላይ አጋፋሪ የሚባል ሹም አለ። የሚገባውን ከማይገባው የሚለየው እርሱ ስለ ሆነ፣ አንዳንድ ጊዜ ከጌታው ይልቅ አጋፋሪው ይፈራ ነበረ። ስመ ጥር የሆነ ሰው ሲመጣ አጋፋሪው ዝቅ ብሎ እጅ ነሥቶ መንገዱን ይለቅለታል። ስሙ ያልተሰማው ባላገር ግን ስንቁን እየጨረሰ ከደጁ ላይ ይከርማል።

ይህ ሁሉ የድሮ ታሪክ ሆኖ ቀርቷል ብለን ስናስብ ኖረን፣ ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ማለዳ በአዲስ አበባ ከተማ ከአንድ ኤምባሲ ግንብ ሥር ተሰልፈን ራሳችንን አገኘነው። ነጠላ አላደገደግንም፤ በነጠላው ፈንታ ከወዳጃችን የተዋስነውን ክራባት አስረናል። ስንቅም አልቋጠርንም፤ በስንቁ ፈንታ አንድ ዶሴ ሙሉ ወረቀት በብብታችን ሸጉጠናል። ነገሩ ግን ያው ደጅ ጥናት መሆኑን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀብንም።

የአገሩን ስም አንጠራም። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው ነገር በአንድ አገር ብቻ የሚደረግ አይደለም። ሁለተኛም፣ ዳግመኛ ለመጠየቅ አሳብ ስላለን በአጋፋሪው ዘንድ ስማችን እንዳይጠፋ እንፈራለን።

ከሰልፉ ላይ

የምንሄድበት ጉዳይ የሚያሳፍር አልነበረም። ሦስት ሳምንት የሚፈጅ የጋዜጠኞች ኮርስ ተፈቅዶልን፣ የኤሮፕላኑን ዋጋም ሆነ የመኝታውን ኪራይ ጠሪዎቻችን ሊከፍሉ ቃል ገብተውልን ነበረ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ሁለት ዓመት ስላልሞላን፣ ይህ ዕድል ሁለተኛ አይገኝም ብለን በብርቱ ጓጉተናል።

ከፊታችን የቆሙት ዕድሜያቸው ከስድሳ የሚያልፍ እናት ነበሩ። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ሰልፍ ሰውን ያወዳጃልና ወግ ጀመርን። ልጃቸው ባሕር ማዶ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድበት ወር ስለ ገባ፣ የሚሄዱት ለአራስ ጥየቃ መሆኑን አጫወቱን።

«የገንፎውን ዱቄት አስፈጭቻለሁ፤ ቅቤውንም አንጥሬ ጨርሻለሁ። ልጄ፣ የቀረኝ የእነዚህ ሰዎች ማኅተም ብቻ ነው» አሉን።

ከኋላችን ደግሞ አንድ ጎልማሳ ከእጅ ስልኩ ላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይመለከት ነበረ። ሥዕሉ የአንድ ዝነኛ የውጭ አገር ዘፋኝ ሲሆን፣ በዚያ ሳምንት ውስጥ ሦስት አገር መዞሩንና በየአውሮፕላን ማረፊያው ሕዝብ በእልልታ እንደ ተቀበለው ያሳያል። ጥቂት ቆይቶ ከሰልፉ ግማሽ የሚሆነው ሰው በጎልማሳው ዙሪያ ተሰበሰበ። የዘፋኙን የጫማ ዋጋ የሚያውቅ ተገኘ፤ ከማን ጋር ተጣልቶ ከማን ጋር እንደ ታረቀ የሚያውቅ ተገኘ፤ የውሻውን ስም የሚያውቅም አልጠፋም። ከመካከላቸው አንዱ «በአንድ ሳምንት ሦስት አገር! ለመሆኑ ቪዛውን መቼ አገኘው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጎልማሳው ከት ብሎ ሥቆ «እርሱን ደግሞ ማን ቪዛ ይጠይቀዋል? ሁሉ ያውቀው የለም እንዴ!» ሲል መለሰ።

እኛስ? ከዚህ በላይ ቆመን ታዝበን ነበረ ብንል ውሸት ይሆናል። አንገታችንን አስግገን አብረን እናይ ነበረ። የውሻውንም ስም እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

በዚህ መካከል እማማ ተጠርተው ገቡ፤ ሳይቆዩም አንዲት ወረቀት ይዘው ወጡ። ሁሉም ወደ ስልኩ አቀርቅሮ ስለ ነበረ መውጣታቸውን ልብ ያለው ሰው የለም። ወደ እኛ ቀረብ ብለው «ልጄ፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ» አሉን። ወረቀቷ በውጭ ቋንቋ የተጻፈች ስለ ሆነች አንብበን ተረጎምንላቸው። «ወደ አገርዎ እንደሚመለሱ የሚያስረዳ በቂ ማስረጃ አላቀረቡም» የምትል ነበረች።

እማማ ዝም ብለው ቆዩና «ቤቴ እዚህ ነው። የባለቤቴ መቃብር እዚህ ነው። ዕድሬ እዚህ ነው። ታዲያ ወዴት እቀራለሁ ብለው ነው?» አሉ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። ለዕድር ወርኀዊ መዋጮ ያለማቋረጥ የከፈለ ሰው፣ ቀባሪውን ጥሎ በሰው አገር ለመቅረት እንደማይከጅል አገራችን ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ዳሩ ግን እማማ ከሞሉት ፎርም ላይ ስለ ባንክ ሒሳብ የሚጠይቅ ቦታ እንጂ ስለ ዕድር የሚጠይቅ ቦታ አልነበረም።

ቀጥሎ ተራው የእኛ ሆነ። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጡት ሹም ትሑት ሰው ናቸው፤ በደል አልፈጸሙብንም፤ የጠየቁንም ጥያቄ አጭር ነበረ። «ባለ ትዳር ነዎት?» አይደለንም። «የራስዎ ቤት አለዎት?» በኪራይ ነው የምንኖረው። «መኪናስ?» በአውቶቡስ ነው የምንሄደው። «ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ?» የወሩ መጨረሻ ስለ ነበረ ይህን ጥያቄ በፈገግታ አለፍነው። ከሰባት ደቂቃ በኋላ የእማማን ወረቀት የምትመስል ወረቀት ተሰጠን። ትርጉሟን አስቀድመን ስለምናውቅ ማንበብ አላስፈለገንም።

ሕጉ የሚጠይቀው

በዚያን ቀን ብስጭታችን ትልቅ ነበረ። የተበሳጨ ሰው የሚጽፈው ነገር ፍርድ ስለሚጎድለው ብዕራችንን ለጥቂት ወራት አስቀምጠን ሕጎቹን ስናነብ ቆየን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናምናለን። ማንኛውም መንግሥት ማን ወደ አገሩ እንደሚገባ የመወሰን መብት አለው። በር የሌለው ቤት ቤት አይባልም። ለሦስት ሳምንት ብሎ ገብቶ ሦስት ዓመት የሚቀመጥ ሰው መኖሩንም አንክድም። ጥያቄያችን በሩ ስለ ምን ተዘጋ የሚል ሳይሆን፣ ለማን ቶሎ ይከፈታል የሚል ነው።

ለምሳሌ ያህል የአሜሪካንን ሕግ እንውሰድ። በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ከጥቂት የቪዛ ዓይነቶች በቀር፣ ለጉብኝት ወይም ለትምህርት ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ በዚያው ለመቅረት የሚመጣ ነው ተብሎ እንዲገመት ያዝዛል። እንዲህ አለመሆኑን ማስረዳት የጠያቂው ፈንታ ነው። በፍርድ ቤት የቆመ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥበት ድረስ ንጹሕ እንደ ሆነ ይቆጠራል፤ በቪዛ መስኮት ፊት የቆመች አያት ግን የመቅረት አሳብ የሌላት መሆኗን ራሷ ማረጋገጥ አለባት።

በዚያው አገር በ1990 በወጣው ሕግ ደግሞ «ልዩ ችሎታ» ላላቸው ሰዎች የተለየ በር ተከፍቷል። በሳይንስ፣ በኪነ ጥበብ፣ በትምህርት፣ በንግድ ወይም በስፖርት ዝናው በአገር ወይም በዓለም ጸንቶ የቆየ ሰው፣ ቀጣሪ እንኳ ሳይኖረው ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት ይችላል። ትልቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት ያላገኘ እንደ ሆነ በደንቡ ላይ አሥር ዓይነት ማስረጃ ተዘርዝሮለታል፤ ከአሥሩም ቢያንስ ሦስቱን ማቅረብ ይኖርበታል። ከማስረጃዎቹ አንዱ ስለ እርሱ በታላላቅ ጋዜጦች የተጻፈ ነገር ነው። ሌላው ከፍተኛ ደመወዝ ነው። ለአርቲስት ደግሞ የተሸጠለት ሸክላና የቲኬቱ ገቢ ይቆጠርለታል። በዚህ በር ብዙ ሊቃውንትና ሐኪሞች መግባታቸው የታወቀ ስለ ሆነ፣ ሕጉ ለከንቱ ወጣ አንልም። ነገር ግን ከጋዜጣ ላይ የተቆረጠ ወሬ በመንግሥት ሕግ ፊት ማስረጃ ሆኖ መቅረቡን ስናነብ፣ ጋዜጠኛ ነንና ደነገጥን። ሳናውቀው ለካ እኛም የይለፍ ወረቀት አዳዮች ኖረናል!

ከዚህም የሚያስገርም አለ። የውጭ አገር መሐንዲሶችና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች አሜሪካን አገር ተቀጥረው የሚሠሩበት «ኤች ዋን ቢ» የተባለ ቪዛ አለ። የዓመቱ ቁጥር በሕግ 65,000 ሆኖ፣ ከዚያው አገር ማስተርስ ወይም ከዚያ በላይ ዲግሪ ላገኙ ሌላ 20,000 ይጨመርበታል። በዚህ በተወሰነ ቁጥር ውስጥ ከመሐንዲሶቹ ጋር እንዲሰለፉ ሕግ የፈቀደላቸው እነማን ናቸው ቢሉ፣ ስም ያወጡ የልብስ ሞዴሎች ናቸው። መሐንዲሱ ዲግሪውን ሲያቀርብ ሞዴሏ ዝናዋን ታቀርባለች።

በ2025 በመስከረም ወር ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት «የወርቅ ካርድ» የተባለውን ትእዛዝ ፈረሙ። በትእዛዙ መሠረት አንድ ሰው ለመንግሥት አንድ ሚሊዮን ዶላር በስጦታ ቢሰጥ፣ ስጦታው ከላይ ለጠቀስነው ለልዩ ችሎታ እንደ ማስረጃ እንዲቆጠርለት ተባለ። ገንዘብ ማግኘት ችሎታ መሆኑን እንቀበላለን። ገንዘብ መስጠት ችሎታ መሆኑን ግን ገና መስማታችን ነው።

ሦስት ቀንና አራት ዓመት

ይህ የአንድ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስል ወደ ኤውሮፓ እንሻገር።

በ1984 ደቡብ አፍሪካ በዘር ልዩነት ፖለቲካዋ የተነሣ ከኦሊምፒክ ታግዳ ነበረ። ዞላ በድ የተባለች የ17 ዓመት የደቡብ አፍሪካ ሯጭ ግን ባዶ እግሯን እየሮጠች ዓለምን ታስገርም ስለ ነበረ፣ አንድ የለንደን ጋዜጣ ጉዳይዋን በብርቱ ያዘው። አያቷ እንግሊዛዊ ነበሩና የእንግሊዝ ዜግነት ይገባታል ተባለ፤ በጥቂት ሳምንታትም ውስጥ ፓስፖርቱን ተቀበለች። ሌላው አመልካች በዚያን ጊዜ ወረፋውን እየጠበቀ ነበረ። የሎስ አንጀለሱ የ3,000 ሜትር ውድድር ሲደርስ ከሜሪ ዴከር ጋር ተጋጭታ፣ ሜሪ ስትወድቅ እርሷ ሰባተኛ ወጣች። ያ ሁሉ ጥድፊያ ሜዳሊያ አላስገኘም።

በ2018 በግንቦት ወር ማማዱ ጋሳማ የተባለ የ22 ዓመት የማሊ ተወላጅ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሳይኖረው በፓሪስ ከተማ ይኖር ነበረ። አንድ ቅዳሜ ምሽት አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የተንጠለጠለ ሕፃን አይቶ፣ ከበረንዳ ወደ በረንዳ እየዘለለ በግማሽ ደቂቃ ያህል ጊዜ ወጥቶ አዳነው። ሥራው በተንቀሳቃሽ ሥዕል ተነሥቶ በዓለም ተሰራጨ። ሰኞ ዕለት ከፕሬዚዳንት ማክሮን ቤተ መንግሥት ተቀመጠ፤ የመኖሪያ ፈቃድና የእሳት አደጋ ሠራተኛነት ሥራ ተሰጠው፤ በመስከረምም ዜግነቱን አገኘ።

ለጀግናው ደስ ይለናል፤ ያነሰ አይገባውም ነበረ። ነገር ግን በዚያው በመስከረም ወር በፈረንሳይ የጸናው አዲስ ሕግ፣ ስደተኛ ጥገኝነት እንዲጠይቅ የሚሰጠውን ቀን ከ120 ወደ 90 ዝቅ ሲያደርግ፣ ከአገር እንዲወጣ የተፈለገ ሰው በማቆያ የሚታሰርበትን ረጅሙን ጊዜ ከ45 ቀን ወደ 90 ከፍ አደረገ። አንድ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ታወቀና ገባ። በዚያው ከተማ ሰሐን የሚያጥበው፣ ሽማግሌ የሚያስታምመው፣ ፎቅ ላይ ወጥቶ ሳይሆን ምድር ላይ ጎንብሶ የሚሠራው ባልንጀራው ግን ማንም ሥዕሉን ስላላነሣው አራት ዓመትም ቢሆን ይጠብቃል። ሰው ፈቃድ ለማግኘት የግድ ሕፃን ከበረንዳ ላይ እስኪንጠለጠል መጠበቅ አለበትን?

ዝና ሲከዳ፣ ዝና ሲበጅ

ዝና ሁልጊዜ በር ይከፍታል ብሎ የሚያምን ቢኖር ደግሞ ቻርሊ ቻፕሊንን ያስታውስ። በዘመኑ ከእርሱ ይበልጥ መልኩ የታወቀ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበረ። በ1917 «ስደተኛው» የተባለውን ሲኒማ ሠርቶ፣ በመርከብ ወደ አሜሪካ የሚገቡትን ድሆች ኑሮ እያሣቀ አሳይቷል። በአሜሪካን አገር 40 ዓመት ያህል ኖሮ ዜግነት ሳይወስድ፣ በ1952 በመስከረም ወር አዲስ ሲኒማ ለማስመረቅ ወደ ለንደን በመርከብ ሲጓዝ፣ ገና ባሕር ላይ ሳለ የመመለሻ ፈቃዱ ተሰረዘ። ምክንያቱ የፖለቲካ አሳቡና ጠባዩ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ኑሮውን በስዊስ አገር አደረገ፤ አሜሪካንን እንደ ገና የረገጠው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1972 የክብር ኦስካር ሊቀበል በሄደ ጊዜ ነው። አጋፋሪው የሚያውቀውን ሲያስገባ እንደ ኖረ፣ የሚያውቀውን ማስወጣትም ያውቅበታል።

እውነትን ለመናገር ግን፣ ከዝነኛ ሰው ጉዳይ ለማይታወቀው ሰው የሚተርፍ ነገር አንዳንድ ጊዜ ይገኛል። በ1972 የአሜሪካ መንግሥት ዘፋኙን ጆን ሌነንን፣ በ1968 በለንደን በሐሺሽ ተፈርዶበታል በሚል ምክንያት ከአገር ሊያስወጣው ከሰሰው። ጠበቃው መዝገብ ሲያስመረምር አንድ የተሰወረ ልማድ አገኘ። ይኸውም መሥሪያ ቤቱ ቢባረሩ ብርቱ ጉዳት የሚደርስባቸውን አንዳንድ ሰዎች፣ ለሕዝብ ሳያስታውቅ፣ ሳያባርር ይተዋቸው ነበረ። ነገሩ በክርክሩ ምክንያት ገሐድ ወጣ። ሌነን በ1976 ቋሚ መኖሪያውን አገኘ፤ ገሐድ የወጣው አሠራር ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ በሕፃንነታቸው ያለ ፈቃድ ወደዚያ አገር ለገቡ ወጣቶች ከመባረር ለጊዜው መጠበቂያ ለሆነው ደንብ መሠረት ሆነ። ከዚህ የምንማረው ዝነኛው በጠበቃው ብርታት የከፈተው በር ከኋላው ካልተዘጋ፣ ማንም የማያውቀው ሰው እንደሚገባበት ነው።

ከአዳማ የሄደችው ልጅ

አሁን የምንነግራችሁን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ነገር ግን ከመጨረሻው ጀምራችሁ ነው የምታውቁት።

በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶችን ማራቶን ያሸነፈችው ሲፋን ሐሰን ናት። በመጨረሻዋ መታጠፊያ ከእኛዋ ከትዕግሥት አሰፋ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ሲፋን ቀደመች። በቶኪዮም፣ በ2021 በተደረገው ኦሊምፒክ፣ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ1,500 ሜትር ደግሞ ነሐስ ወስዳለች። ለሆላንድ ስለምትሮጥ ብዙዎቻችን ስናያት ግማሽ ልባችን ይኰራል፤ ግማሽ ልባችን ያዝናል። የሆላንድ ሰዎች ግን በሙሉ ልባቸው ያጨበጭባሉ።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ሲፋን አዳማ ተወልዳ፣ በ2008 ሆላንድ ስትደርስ የ15 ዓመት ልጅ ስደተኛ ነበረች። ሜዳሊያ አልያዘችም። ስሟን የጻፈ ጋዜጣ አልነበረም። ከላይ ከቈጠርናቸው አሥር ማስረጃዎች አንዱም ቢሆን በእጇ አልነበረም። እዚያ ደርሳ መሮጥ ጀመረች፤ የነርስነት ትምህርትም ተማረች፤ ዜግነቷን ያገኘችው በ2013 ነው። በሩ የተከፈተላት ለማንም የማትታወቅ ልጅ ሳለች ነው። ዝናው የመጣው ከገባች በኋላ ነው።

እኛ ለማለት የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ዝና ፍሬ ነው፤ ዘር አይደለም። አንድ አገር በሩ ላይ ቆሞ «ፍሬህን አሳየኝ» እያለ ዘሩን የሚመልስ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ያበቀለውን መሰብሰብ ይችል ይሆናል፤ ራሱ ግን ምንም አያበቅልም። እማማን የመሰለ ሰው ደግሞ ፍሬ ብቻ ሳይሆን ልጅ አሳድገው የሰጡ ዛፍ ናቸው። በሰፈራቸው የማያውቃቸው የለም፤ ጋዜጣ ግን አያውቃቸውም።

እኛስ?

ይህን ጽፈን የባዕድ አገር ሹሞችን ብቻ ወቅሰን ብናበቃ ደስ ይለን ነበረ። አንባቢዎቻችንም እንዲያ ቢሆን ትወዱ ነበረ። ነገር ግን ሰልፉ ላይ የነበረውን ነገር ልንረሳው አልቻልንም። እናቲቱ ወረቀቷን ይዘው ሲወጡ ስልኩን አቀርቅሮ ሲያይ የነበረው አጋፋሪው አይደለም፤ እኛ ነን። የዘፋኙን የውሻ ስም ያወቅነው እኛ፣ አንድ ሙሉ ማለዳ አጠገባቸው ቆመን የእናቲቱን ስም ሳንጠይቅ ቀርተን ነበረ።

ከተማሪዎች መካከል የኳስ ተጫዋቾችን የዝውውር ዋጋ በቃሉ የማይዘረዝር ጥቂት ነው። ፓስፖርት ሲወጣ ምን ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ፣ አንድ ውሳኔ ቢበደልበት ወዴት አቤት እንደሚል ቢጠየቅ ግን ወንድሙን ይጠራል። በጋዜጣችንም እንዲሁ ነው። ስለ አንድ ዝነኛ ሠርግ ስንጽፍ የሚደርሰን ደብዳቤ ከጠረጴዛችን ሲተርፍ፣ ስለ አንድ አዋጅ ስንጽፍ የሚደርሰን ከኪሳችን አይተርፍም። የምታነቡትን እንጽፋለን፤ የምንጽፈውን ታነባላችሁ፤ እንዲህ እየተያያዝን የታወቀውን ይበልጥ ስናስታውቅ እንኖራለን።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፣ ይልቁንም ይህ ለእናንተ ነው። እያንዳንዳችሁ አንዳንድ መስኮት አላችሁ። ስመ ጥር ዘፋኝ ወይም አትሌት ወደ መሥሪያ ቤታችሁ የመጣ እንደ ሆነ ሥራ ይቆማል፤ ወንበር ይቀርባል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ጉዳዩም ሻይው ሳይበርድ ያልቃል። በዚያው ሰዓት ማመልከቻውን በሁለት እጁ ይዞ በኮሪደሩ የቆመው ባላገር «ነገ ተመለስ» ይባላል። ለዝነኛው ያደረጋችሁት ክፉ አይደለም። የምንለምናችሁ ያንኑ ለባላገሩም እንድታደርጉለት ነው።

አገራችንም ራሷ የሰው በር አላት። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሱማሌ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ አንድ ሚሊዮን ገደማ ስደተኞች በኢትዮጵያ ውስጥ ይኖራሉ። በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት ስደተኛ ሥራ እንዲሠራ፣ ባንክ ሒሳብ እንዲከፍት፣ የልጁንም ልደት እንዲያስመዘግብ መብት ተሰጥቶታል። ይህ አዋጅ መልካም ነው፤ ነገር ግን አዋጅ በእግሩ አይሄድም። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠ ወጣት ሹም ነው የሚያስኬደው ወይም የሚያስቀምጠው። ምናልባትም በዚህ ሳምንት ከአንዳችሁ ፊት አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ትቆም ይሆናል። ስሟን ማንም አያውቀውም። ምን እንደምትሆንም አታውቁም። ሯጭ ባትሆን፣ ነርስ ባትሆን፣ ምንም ዓይነት ስም ባይኖራት እንኳ መዝገቡን በትክክል ክፈቱላት።

እማማን በሁለተኛው ማመልከቻቸው ረዳናቸው፤ ስማቸውንም ያን ጊዜ ጠየቅን። እርሱም ቢሆን አልሠመረም። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄደን ነበረ። ቡና አፍልተው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀምጠው፣ የእጅ ስልካቸውን ዘርግተው የልጅ ልጃቸውን ሥዕል አሳዩን። ወንድ ልጅ ነው፤ ሁለት ጥርስ አብቅሏል። እኛም በዚያን ማለዳ ዘፋኙን ስናይ እንዳደረግነው አንገታችንን አስግገን አየን።

«ዱቄቱስ ምን ሆነ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ከዚህ ሠፈር የሚሄድ ሰው አግኝቼ በእጁ ሰደድኩት። ደርሶላታል። እርሷም ገንፎውን ራሷ አገንፍታ በላች» አሉን።

ዱቄቱ ገባ፤ እናቲቱ ቀሩ። እኛም ከዚህ የበለጠ የምንለው የለንም። የእኛን ሁለተኛ ማመልከቻ ግን በሚመጣው ወር እናስገባለን፤ እስከዚያው ድረስ ይህን ጽሑፍ ከጋዜጣው ቆርጠን ለማስረጃ አናስቀምጠውም።